ከድምፃዊው ኋላ፣ ከስፒከሩ ጎን

እስቲ አምስት ድምፃዊ ቁጠሩ ብትባሉ ሳታስቡ ሃያ ትቆጥራላችሁ። አምስት ጊታሪስት ቁጠሩ ስትባሉ ግን "ያ እንኳን... ፀጉሩን ያሳደገው... እንትና ጋ ሚጫወተው" ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ማህሙድ አህመድን የማያውቅ አበሻ የለም፣ በአይቤክስ ኋላም በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታሩን ይዞ የቆመው ሰላም ሥዩም መሆኑን ግን ካሴቱ እስኪላጥ ያዳመጠ ሰው እንኳን ላያውቅ ይችላል። እዛ ደረጃ የደረሰው እንዲህ ከሆነ እንግዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የኛ ሰው ምን ይበል። ስሙን አልጠራውም፣ ብጠራውም አታውቁትም፣ ችግሩም እሱ ነው።

የኛ ሰው ቀኑ ሚጀምረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ሌሊቱን ቦሌ የሆነ ክለብ ሲጫወት አድሮ ሊነጋጋ ሲል ስለሚገባ። ጎረቤት ይሄን አያውቅም፣ ጎረቤት ሚያውቀው ሰው ሁሉ ስራ ገብቶ ይሄ ልጅ በቁምጣ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲያዛጋ ነው። ቡናውን ጠጥቶ ልምምድ ይጀምራል። ልምምድ ማለት በስልኩ ቲውነር ስድስቱን ክር ማስተካከል፣ ከዛ ጆሮውን ስላላመነ ድጋሚ ማስተካከል፣ ከዛ ቲውነሩን ስላላመነ በጆሮው ማስተካከል፣ ከዛ ዩቲዩብ። ዩቲዩብ ላይ አንድ እግሩ መሬት የማይደርስ የጃፓን ህፃን እሱ ስንት አመት የለፋበትን ሶሎ እየሳቀ ይጫወትለታል። ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ጋደም ማለት የልምምዱ አካል ነው። ሲነሳ ጓደኛው ይደውላል፣ እሱም ጊታሪስት ነው፣ እሱንም አታውቁትም፣ እና ሁለቱም ስለሌላቸው ፔዳል (በእግር ሚረገጠው የጊታር ድምፅ መቀየሪያ) ካርድ እስኪያልቅ ይጨቃጨቃሉ።

ክር ደሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከውጪ ነው ሚመጣው፣ ዶላር በጨመረ ቁጥር ክሩም ይጨምራል፣ ስለዚህ ቀጭኗ እስክትበጠስ ወፍራሞቹ እስኪዝጉ ይጠበቃል። ወፍራሞቹ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ መሃል ላብና የጣት ቆሻሻ ሲገባ ድምፁ ይታፈናል፣ መድሃኒቱን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፈቶ መቀቀል። በቃ ውሃ አፍልቶ ክሩን መቀቀል ነው፣ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይመለሳል። የኛ ሰው ይሄን ሚያደርገው እናቱ ገበያ ሲሄዱ ነው። አንዴ ታዲያ ቶሎ ተመለሱና ድስቱን ከፈቱት።

"ምንድነው? ፓስታ ነው?"

"አይ እማዬ፣ የጊታር ክር ነው።"

ድስቱን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ ድስቱን አዩት። "ጨው አድርገህበታል?" አሉት። ያቺ ድስት ከዛ ቀን ወዲህ ወጥ አልተሰራባትም፣ አሁን በይፋ የክር ድስት ናት፣ ቤት ውስጥ የሙዚቃ መሳሪያ ተብላ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ድስት ሳትሆን አትቀርም። ክሩን ሚመታበትን ፒክ ደሞ ከሲም ካርድ መያዣ ፕላስቲክ በመቀስ ይቆርጠዋል፣ እሱ እንኳን ማንንም አላስቀየመም።

አያቱ ጊታሩን "ክራሩ" ነው ሚሏት። "ያቺን ክራርህን ዝም አስብላት፣ ዜና ልስማበት።" እሱ ይናደዳል፣ ግን እውነቱን ከተነጋገርን እማማ ብዙም አልራቁም፣ ክራርም አምስት ወይ ስድስት ክር ነው ያለው፣ እንደውም ክራር ደርዳሪው ቅኝት በቀየረ ቁጥር ክሩን እንደገና ስለሚቃኝ ምን እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃል። የኛ ሰው ግን ከኢንተርኔት ዶሪያን ምናምን ሚክሶሊዲያን ምናምን ሚሉ የፈረንጅ ቅኝቶች ሲሸመድድ ከርሞ ሰርግ ላይ ድምፃዊዋ ዞር ብላ "አንቺሆዬ!" ስትለው ላብ ያጠምቀዋል። ትዝታና ባቲ እሺ፣ አምባሰልም በመከራ፣ አንቺሆዬ ግን ከዶ ከተነሳህ ጣትህ በልማድ ሄዶ ሶል ላይ ሲያርፍ ሶል የለም፣ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ነው ያለው። ይሄን ሰርግ ቤት ውስጥ ማወቅ ጥሩ አይደለም። ደግነቱ ማንም አልሰማም፣ ዳንሱ ደምቋል፣ ኪቦርዱ ሸፍኖታል።

ኪቦርድ ስል ቁስሉን ነካሁት መሰለኝ። ደርግ ሊወድቅ አካባቢና ከዛ ወዲህ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ይዞ ከበሮውንም ቤዙንም ጥሩምባውንም ጊታሩንም ልስራው አለ፣ አሳታሚውም ለስድስት ሰው ከምከፍል ለአንድ ብሎ አሰበ፣ እና በሰላሙ ቀን ሙሉ ባንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አለቀ። እስከዛሬ ጊታሪስትና ኪቦርዲስት ሲጨባበጡ አይናቸውን እዩት።

ሰርግ ላይ ደሞ ሽልማት አለ። ጥር ነው፣ ድንኳኑ ሞቋል፣ ድምፃዊው ግንባር ላይ መቶ ብር ይለጠፋል፣ ሁለት መቶ ይለጠፋል፣ ከአሜሪካ የመጣው አጎት ዶላር ይለጥፋል። ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ይዞ የመጣው አዝማሪ ሳይቀር ሙሽራውን ሁለት ስንኝ አሞግሶ ግንባሩ አረንጓዴ ሆኗል። የኛ ሰው ስድስት ክር ይዞ ከስፒከሩ ጎን ቆሟል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ብቻ። ከድምፃዊው ግንባር አንዷ ብር ተላቃ ተንሳፍፋ መጥታ እግሩ ስር ታርፋለች። ሁለት እጁ ስራ ላይ ነው፣ ዘፈኑ ገና ሁለት ዙር ይቀረዋል፣ በጫማው ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሊስባት ሲል አንድ አጎት እስክስታ እየመታ መጥቶ ቆመባት። ከዛ "ወንድም እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ" አለው። ቪዲዮ ቀራጩም ቢሆን የቀረፀው ክርኑን ነው፣ እሱንም ኬኩን ለማሳየት ሲያልፍ።

ጥር አልፎ ዓቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ታሪክ ነው። 55 ቀን ክለቡ ይቀዘቅዛል፣ ሰርግ የለም፣ እና የኛ ሰው "ጾሙን በር ዘግቼ ነው ምሰራው፣ ፋሲካ ላይ ሌላ ሰው ሆኜ እወጣለሁ" ይላል። በሩ ይዘጋል፣ እሱ እውነት ነው። ድሮ እኮ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ የምሽት ክለቡ ተቆልፎ ሙዚቀኛውም ጠጪውም እስኪነጋ ውስጥ ይቀር ነበር፣ መሄጃ ስለሌለ መጫወት ነው፣ ያን ያህል ሰዓት በግድ የተጫወተ ጣት እንዴት አይፈታ። አሁን ሶስት ሰዓት ካለፈ ከታች ፎቅ ጣራ በመጥረጊያ እንጨት ይደበደባል።

እሱን በዚህ ስትወቅሱት ኃይሉ መርጊያን ይጠቅስላችኋል። ሁሉም ይጠቅሱታል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ አሜሪካ ሄዶ እዛው ቀረ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እየነዳ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር፣ በመጨረሻ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ የድሮ ካሴቱን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ድጋሚ አወጣለት፣ ከዛ የአለም መድረክ። (ኪቦርዲስት መሆኑን አንስቼበት ነበር፣ "አኮርዲዮንም ይጫወታል" ብሎ ዘጋኝ።) ልዩነቱ ኃይሉ ታክሲ እየነዳ ነው የተለማመደው፣ የኛ ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው። ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቀኝ ክንዱን ይዞ በግራ እጁ አራት ጣት ሲጫነው ብታዩ እጁን አሞት አይደለም፣ ኮርድ እየቀያየረ ነው። ከኋላው ያሉ እናት አንዴ "ደም አልዘዋወር ብሎህ ነው ልጄ? ጤና አዳም ቀቅለህ ጠጣ" ብለውታል።

የምሬን ግን የዚህን ሰው ልምምድ ከልቡ ሚከታተል አንድ ሰው አለ፣ ሶስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው። ያቺን ከአንደኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ካለችው የብረት መስመር) እስከ አስራ ሁለተኛ ምትሄደዋን የጣት ማፍታቻ በቃላቸው ያውቋታል፣ ትንሹ ልጃቸው ሽንት ቤት ቁጭ ብሎ ያንጎራጉራታል። ስምንተኛው ፍሬት ላይ ትንሿ ጣት ሁሌ ትስታለች፣ እትዬ ቡና እየቆሉ ምጣዱን ማወዛወዝ አቁመው ይጠብቁና "ይኸው፣ እዚች ጋ ነው ሁሌ ሚስታት" ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስምንተኛውን አለፈ፣ ዘጠነኛ፣ አስረኛ፣ እትዬ አላስቻላቸውም፣ በመስኮት እልልታቸውን ለቀቁት። እሱ ደንግጦ አስራ አንደኛው ላይ ሳተ፣ ክሯም ተበጠሰች።