ሃይሌ ጋርመንትን ረሳችሁት?

ስለ አዲስ አበባ ገበያዎች የጻፋችሁት ቆንጆ ጽሑፍ ነው። ግን ከመርካቶና ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ እዚያው ጨረሰ። ከተማው ዳር፣ ሃይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለነውስ? የአትክልትና ፍራፍሬ የጅምላ ገበያው አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ጃን ሜዳ ገባ፤ በ2013 ጃን ሜዳ ለጥምቀት ሲለቀቅ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድረው ሰፈር የእኛ ነው። አይሱዙዎቹ ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭነው ይገባሉ። ጎህ ሳይቀድ ተሸካሚው ሳጥን በትከሻው አድርጎ «ዞር በል!» እያለ ይመጣል። ቶሎ ዞር በሉ፣ ፍሬን የለውም።

ከላይ የተደረደረው ቲማቲም ሁሌም ያምራል። እጃችሁን ወደ ታች ሰደድ አድርጉና ዳብሱት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው! ክረምት ላይ ቦቲ ግድ ነው፤ ጭቃው ከጎመን ቅጠል ጋር ተቦክቶ ያንሸራትታል። ደግሞ ሌሊቱ የጅምላ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለሚፈልግ ሰው በየሰፈሩ ያለው የእሁድ ገበያ ይሻለዋል። እሱም ቢሆን በጠዋት ነው፤ ረፈድ ካለ የሚቀረው ምርጫ የወጣለት ነው።