«ነጥቧ ምንድን ናት?» ብላ ጠይቃን ነበር

የጅማ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው የሰው ድምፅ በስልኩ ስለሚሰርቅ ሌባ አይደለም። ስለ እኛ ነው።

ፈረንጅ አራዳ ጀበና ጥዳ የምታድር አንዲት እህታችን የስልኳ መስታወት ተሰነጠቀና ለጠጋኝ ሰጠችው። ጠጋኙ የመክፈቻ ቁጥሯን ጠይቆ በቁራጭ ወረቀት ጻፈና ከስልኩ ጀርባ ለጠፈው። ሁለት ቀን አደረ። ሲመለስላት መስታወቱ ወለል ብሎ ያበራል፤ ከላይ በቀኝ ጥግ ግን ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ አረንጓዴ ነጥብ አለች። አዲሱ ስክሪን እንከን ያለበት መሰላት። በጣቷ ጠረገቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ አሸቻት፤ አልለቀቀችም። ተመልሳ ጠጋኙን ጠየቀችው። «የባትሪ ምልክት ናት» አላት። ልቧ አላመነውም። ከዚያ እኛን ጠየቀች።

ይቅር የማልለው ይህን ነው። ስኒ እያቀበለች፣ በሌላ እጇ ስልኳን እየዘረጋች፣ «ይህች ነጥብ ምንድን ናት?» አለች። ከጠጪዎቹ መካከል አስተማሪ ነበር፣ የባንክ ሠራተኛ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። «ምንም አይደል»፣ «ኔትወርክ ይሆናል»፣ «አዲስ ስክሪን እንዲህ ያደርገዋል» ተባለች። በሦስተኛው ሳምንት ቤቷ ተቀምጣ ስለ ትዳሯ ለታናሽ እህቷ ያለቀሰችው አራት ደቂቃ ድምፅ በቴሌግራም ወጣ። ከአጂፕ ወደ መርካቶ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት ሹፌሩ ድምፁን ጨመረ እንጂ አላጠፋውም። ተሳፋሪውም «አጥፋው» አላለም። እንዲያውም አንዱ «ላክልኝ» አለ።

ወገኖቼ፣ ስልኩ እኮ አልዋሸም! ያቺ ነጥብ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ያለች የማስጠንቀቂያ ምልክት ናት። «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ማይክሮፎኑን ወይም ካሜራውን የሚጠቀም አለ» ማለት ነው። በአይፎን ደግሞ ብርቱካናማዋ ማይክሮፎን፣ አረንጓዴዋ ካሜራ ናት። ልጅቱ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ስባ ነጥቧን ብትነካት የሰላዩ ስም ይወጣ ነበር። የሚነግራት ጠፋ እንጂ ሁለት ሰከንድ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

በኋላ ሲታይ ሰላዩ መተግበሪያ እንደ ሴቲንግ ምልክት ያለ የማርሽ ምስል ለብሶ «ሲስተም ሰርቪስ» ተብሎ ተቀምጧል። ከፕሌይ ስቶር የመጣ አይደለም፤ በፋይል የተጫነ ነው። የማይክሮፎን ፈቃድ ብቻም አልነበረውም። አክሰሰቢሊቲ የሚባለው ተከፍቶለት ነበር፤ ይህ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ታስቦ የተሠራ፣ ስክሪን የሚያነብና በባለቤቱ ፋንታ የሚጫን ፈቃድ ነው። በዚያ ላይ ዲቫይስ አድሚን፣ ማለትም የስልኩ አስተዳዳሪ፣ ተደርጓል፤ ስለዚህ ለማጥፋት ሲሞከር እምቢ ይላል። መጀመሪያ አድሚንነቱን መንጠቅ፣ ቀጥሎ አክሰሰቢሊቲውን መዝጋት፣ ከዚያ ነው ማራገፍ።

ወንድሟ ግን በንዴት ስልኩን እንዳለ ፎርማት አደረገው። የልጁን ንዴት ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን ማስረጃውም አብሮ ሄደ። ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ በሚባለው ገጽ ማይክሮፎኑን ማን፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ተጽፎ ይገኛል፤ በአንድሮይድ 12 የ24 ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት የ7 ቀኑ። ከማጥፋታችሁ በፊት ያንን ገጽ፣ የመተግበሪያውን ስምና የተሰጠውን ፈቃድ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ባዶ ስልክ ይዞ ለሄደ ከሳሽ ግን አዋጅ ምን ያደርግለታል?

ስለ ሙያው እናውቃለን የምንል ደግሞ ከሁሉም እንብሳለን። ስልክ ስንሸጥ፣ መተግበሪያ ስንጭን፣ «እሺ በለው፣ እሺ በለው» እያልን ያስተማርናችሁ እኛ ነን። አባት መጥቶ «ልጄ፣ ይህ ምን ይጠይቀኛል?» ሲል ጣቱን ይዘን «ፍቀድ» ላይ አሳረፍነው። ወረፋው እንዲያልቅ ብለን።

አሁን እባካችሁ ስልካችሁን አውጡ። ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ «ፐርሚሽን ማናጀር» ብላችሁ ፈልጉ፤ ቴክኖውም ሳምሰንጉም ቦታውን ስለሚቀያይረው መፈለጉ ይቀላል። አይፎን የያዘ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ያገኘዋል። «ማይክሮፎን» የሚለውን ክፈቱ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ ይገባቸዋል፤ በአንድሮይድ «ስትጠቀምበት ብቻ» በሚለው ላይ ተዉአቸው። ካልኩሌተር ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል? የቀን መቁጠሪያ፣ ጨዋታ፣ የፎቶ ማሳመሪያ? «አትፍቀድ» በሉ። ካሜራ ላይም እንዲሁ። የእጅ ባትሪ መተግበሪያ «ካሜራ ካልሰጠኸኝ አላበራም» ቢላችሁ ዋሽቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ አንድሮይድ 6 ወዲህ መብራቱን ለማብራት የካሜራ ፈቃድ አያስፈልግም። ደግሞም ስልኩ የራሱ የእጅ ባትሪ አለው፣ ለምን ሌላ ትጭናላችሁ?

ብትሳሳቱ የሚፈርስ ነገር የለም። በአንድሮይድ የሚያስፈልገውን ብትከለክሉ ድምፅ ልትልኩ ስትሉ ራሱ መልሶ ይጠይቃል። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ ከከለከላችሁት ሦስተኛ አይጠይቅም፤ ዝም ይላል። «ስልኬ ተበላሸ» ብላችሁ ወደዚያው ጠጋኝ አትሩጡ፣ እዚያው ዝርዝር ገብታችሁ ክፈቱለት።

መስታወት ለማስቀየር የመክፈቻ ቁጥር አትስጡ። ስክሪኑ መሥራቱ ተቆልፎም ይታያል፤ የድንገተኛ ጥሪ መደወያውን ቁጥሮች፣ ሳይደውሉ፣ አንድ በአንድ መንካት ይቻላል። በአዳዲሶቹ ሳምሰንጎች ሜንቴናንስ ሞድ አለ፤ ጠጋኙ ስልኩን ይሞክራል፣ የእናንተን ዕቃ ግን አያይም። «ያለ ቁጥሩ አልሠራም» ካለ ሌላ ጠጋኝ አለ።

ይህን ሁሉ ስል ነገ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ ብዬ አይደለም። ድምፁ አሁንም በአንዳንዶቻችሁ ስልክ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አጥፉት።

እሷ ግን ቡናዋን ቀጥላለች። አሁን ስልካቸውን ረከቦቱ አጠገብ የሚያስቀምጡ ሰዎችን የቀኝ ጥጉን አይታ ነው የምትቀዳላቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ «እስቲ የኔንም እዪልኝ እቴ» ብለው ሰጧት። በማይክሮፎኑ ዝርዝር ውስጥ 23 መተግበሪያዎች ተፈቅዶላቸዋል። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዘቅዝ አራት ቀሩ። ካሜራውን ለነገ አሉ።