ሜጋ ጨምሮ ጌም ማፍጠን?

አንዱ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ጌሙ እየተጎተተ እንዳስቸገረው ሲጠይቅ፣ «ከ10 ሜጋ ወደ 50 አሳድገው፣ ይለቅሃል» የሚል መልስ አገኘ። አቦ፣ ብሩን ከማውጣትህ በፊት ይህችን አንብብ።

ሜጋው የሚነግርህ በሰከንድ ስንት ዳታ እንደሚያልፍ ነው። አንድ ፓኬት (ትንሽ የዳታ ቁራጭ) ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሌላ ጉዳይ ነው። የደንገጎ መንገድ ቢሰፋ ብዙ መኪና ያልፋል እንጂ ሐረር ለድሬ አትቀርብም።

በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የጌሙ ሰርቨር ፍራንክፈርት ካለ፣ ርቀቱ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በጅቡቲ በኩል ከሆነ ባሕር ለባሕር ይዞራል። ይህን የትኛውም ፓኬጅ አይቀንስልህም።

ድረ ገጽም ላይ ያው ነው። በቲሲፒ (ኮምፒውተሮች ዳታ የሚለዋወጡበት ደንብ) ከሆነ፣ የገጹ አንዲት ፊደል ሳትመጣ ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ ይጨባበጣሉ። አንድ ደርሶ መልስ እዚያ ሄደ።

ሜጋ የሚረዳው መስመሩ ሲጣበብ ነው። ወንድምህ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ሲጭን የራውተሩ ወረፋ ይሞላል፤ ያንተ ሚጢጢ ፓኬትም ከኋላ ትሰለፋለች። ማጣራቱ ቀላል ነው። ቤተሰቡ ሲተኛ ፒንግ አድርግ (ደርሶ መልሱ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚፈጅ የሚለካ ሙከራ ነው)፤ ከዚያ ቪዲዮ እየተጫነ ድገመው። ቁጥሩ ያኔ ብቻ ከተተኮሰ ችግሩ እዚያው ቤት ነው፤ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ የአፕሎዱን ፍጥነት ገድበው። ሁለቴም ከፍ ካለ ግን ቀረብ ያለ ሰርቨር ምረጥ።