እጃችን ለጭብጨባ፣ አፋችን ለመንገድ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ይህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ዕቅዱን ለመገምገም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እኛ ዘንድ ይመጣል። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህማ ቁርሱን ቤቱ በልቶ ለሻይ ዕረፍት ይደርሳል። ከስብሰባ ጋር አብሮ ያደገ ሕዝብ የስብሰባ ሥርዓት ቢያውቅ አይገርምም። ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ያሳየው ችሎታ ግን እኔን ራሴን አስደምሞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ዳር፣ ከሰፈራችን በላይ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ነው። ሞል። "ባዶ" ያልኩት ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ስለሚል ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ሲሞት የዕድር ድንኳን ይተከልበታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ እዚያ መጥቶ ይተኛል። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ የከበባት ጎድጓዳ ሳህን ናት፤ ውሃው የሆነ ቦታ ማደር አለበት። ሞሉ ሲሠራ የት ያድራል? እኛ ጋ ነዋ። እንግዳ ተቀባይ ሰፈር ነን።

ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቡና ላይ የተወራው ይኸው ነው። ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተሩን ብድግ አድርጎ፣ "ሞል በዱቤ ዘይት ይሰጣችኋል?" አለን። ግማሻችን ስማችን ደብተሩ ላይ ስላለ ዝም አልን። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ መንገዱ ለሁለት ባጃጅ እንኳን እንደማይበቃ፣ የዕቃ አይሱዙ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን በእጁ እያሳየ አስረዳ። ጉሊት የሚቸረችሩት እናት ምንም አላሉም፤ ቲማቲማቸውን ብቻ አየት አደረጉ። ጎረቤቴ ጋሼ ግን ተነሥተው፣ "ሬሳዬን ተራምደው ነው የሚሠሩት! አዳራሽ እንግባና እናሳያቸዋለን!" አሉ።

ገባን። አሳየናቸው።

መጀመሪያ የሞሉን ሥዕል አሳዩን። ያምራል። ሁሉ ነገር መስታወት ነው። ባጃጅ የለም፣ ጋሪ የለም፣ ጭቃ የለም። የሚሄዱት ሰዎች ሁሉ የዕቃ ከረጢት ይዘዋል፤ አንድም የማውቀው ሰው አላየሁም። በሩ ላይ የቆሙት ዘንባባዎች ቀጥ ብለዋል። የአዳማ ንፋስ እኮ አዳማ አንድ እና አዳማ ሁለት በሚባሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ ላይ 51፣ ሁለተኛው ላይ 153 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ የተተከለውን ማሽን ሁሉ የሚያዞር ንፋስ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ አንዲት ቅጠል አላነቃነቀም። እሱም ስብሰባ ላይ ዝም ማለት ለምዷል ማለት ነው።

ከዚያ "ሐሳብ አስተያየት" ተባለ። የመጀመሪያው ተናጋሪ መድረኩን ያዘጋጁትን አመሰገነ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አመሰገነ። ሦስተኛዋ "ከእኔ በፊት የነበሩት ስላነሡልኝ" ብላ ምንም ያልተነሣውን ደግፋ ተቀመጠች። ጋሼ ተነሡ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

"ልማት የሚጠላ የለም" አሉ። "ልማቱን እንደግፋለን። ብቻ..."

አቤት ያቺ "ብቻ"! ልቤ ቀጥ አለች። ባለ ሱቁ ክንዴን ያዘኝ።

"ብቻ ቶሎ ቢጀመርልን" አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ለዚያውም ቆሜ። ይህ ተራ ችሎታ እንዳይመስላችሁ። የሦስት ሳምንት ንዴት በአንድ ትንፋሽ ወደ ምስጋና መለወጥ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል።

ሥርዓቱን የበጠበጡት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከወረቀት ማንበብ ጀመሩ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ በተለይ የሚነካው ኅብረተሰብ አስተያየት ይካተት ይላል አሉ። ቀጥለው፣ "ጥናቱ የት አለ? የጎርፉን ነገር ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ። አላመሰገኑም እኮ! በቀጥታ ጠየቁ። አፈርንላቸው። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ነጠላቸውን ጎተት አደረገች። ሰብሳቢው ግን ጨዋ ሰው ነው፤ "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይዘነው እንሄዳለን" አለ። ይዞት ሄደ።

በመሐል የስም መመዝገቢያው ወረቀት ይዞር ነበር። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከላይ ርዕስ የለውም። ርዕሱ በኋላ ነው የሚጻፈው፤ እኛ የምናምን ሰዎች ስለሆንን አንጠይቅም። ፈረምኩ። ፊርማዬ ሰፋ ያለች ስለሆነች የታችኛውን ሰው ቦታ ትንሽ ነካች። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ "ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል" ይላል። መምህሯ እንኳን ፈርመዋል፤ መገኘታቸውን መስሏቸው።

ዋናው ስብሰባ የተጀመረው ከወጣን በኋላ ነው። ወይ አንደበት! መምህሯን መንገድ ላይ ከበብናቸው። "ልክ ልካቸውን ነገሩልን!" "እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!" ነጠላቸውን የጎተተችው ሴት ጉንጫቸውን ሳመች። ጋሼ ከዘራቸውን ወደ ሜዳው ቀስረው፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ አንድ አካፋ አያርፍባትም!" አሉ። ባለ ሱቁ፣ ባለ ባጃጁ፣ እኔ፣ ሁላችንም ደጃፋችን እስክንደርስ ሞሉን ሦስት ጊዜ አፈረስነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ "እህ፣ ተናገርክ?" አለችኝ።

"ዕድሉ አልደረሰኝም።"

በእጄ የያዝኩትን አየችና፣ "ውሃ ሁለት ሁለት ነው እንዴ የሚሰጡት?" አለች።

አንዱ የመምህሯ ነው። ሳይከፍቱት ወንበራቸው ላይ ትተውት ወጥተው ነበር።