ውሃው ይወስደዋል

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ የጥቅምት ብርድ ገና ሳይለቅ፣ በቀበና ወንዝ ሸለቆ ዳር በተነጠፈው የእግር መንገድ ላይ ስዘዋወር አንድ ታላቅ ባለሙያ ሥራው ላይ ሆኖ ለማየት ታደልሁ። ቱታ ለብሶ እርምጃውን የሚቆጥርለትን ሰዓት ያሰረ ጎልማሳ ነበር። ውሃውን ጨልጦ ጠጣ፤ የባዶውን ላስቲክ ክዳን አጥብቆ ዘጋ፤ ከአጥሩ በላይ አሻግሮ ወደ ወንዙ ወረወረው፤ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ እየተነፈሰ «እንዴት ያለ ንጹሕ አየር ነው!» አለ። አፍጥጬ ሳየው ያዘነልኝ ይመስለኛል፤ «አያስቡ ጋሼ፣ ውሃው ይወስደዋል» ብሎ አጽናናኝ።

ይህን ሰው የማያውቅ የወንዝ ዳር ተጓዥ ስለሌለ መልኩን መግለጽ አያስፈልገኝም። እስካሁን የሚገባውን ምስጋና ያቀረበለት ሰው ግን አላየሁም። አሥር ሺህ እርምጃ ሊቆጥር ከቤቱ የወጣ ሰው፣ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው የሚያደርሱትን ሠላሳ እርምጃዎች ንቆ መተዉ በጤናው ረገድ ምን ያህል መሥዋዕትነት እንደከፈለ ያሳያል።

ደግሞስ ፋብሪካው የትኛውም ቢሆን ሁላችንም «ሃይላንድ» ብለን የምንጠራትን ያችን ላስቲክ ምን ዓይነት ጉዞ እንዳስጀመራት አስባችሁታል? ባለቤቷ ዓመቱን ሙሉ ከዚያች ከተነጠፈች ሜዳማ መንገድ አልፎ አያውቅም፤ እርሷ ግን ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ፣ በየድልድዩ ሥር እያጎነበሰች፣ ሌሎች የከተማይቱ ወንዞች ካመጧቸው እኅቶቿ ጋር እየተገናኘች አቃቂ ትደርሳለች። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ስትደርስ በእምቦጩ መካከል አልጋ ይዛ ታርፋለች። ጎርፍ ከቀሰቀሳት ወደ አዋሽ ትወርዳለች፤ ቆቃን ትጎበኛለች፤ የአፋርን በረሃ ታቋርጣለች፤ ዕድሜ ከሰጣት (ዕድሜ ደግሞ አይነፈጋትም) አቤ ሐይቅ ዳር ሆና ጅቡቲን አሻግራ ታያለች። እዚህ ላይ የአገር ፍቅሯን ልብ በሉ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ ስለሆነ ላስቲካችን አገር ጥላ አትሰደድም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉ አባቶች አዋሽን ቢያዩት ኖሮ፣ ማደሪያም ያለው፣ ለማደሪያውም ዕቃ የሚያጓጉዝ ወንዝ መኖሩን በተረዱ ነበር።

ልማዱ በአራቱም ወቅቶች ያምራል። ክረምት የባለሙያዎቻችን የመኸር ጊዜ ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ስለሚጋልብ የተጣለው ነገር ሁሉ ከዓይን ይሰወራል፣ ከዓይን የተሰወረም እንዳልተጣለ ይቆጠራል። መስከረም ጠብቶ ጎርፉ ሲጎድል በሸለቆው ዛፎች ላይ፣ ሙላቱ በደረሰበት ልክ፣ ፌስታል ያፈራል። አደይ አበባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትረግፋለች፤ ፌስታሉ ግን እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ከቅርንጫፉ አይወርድም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ደንግጎ ነበር፤ ዛፎቹ መለኪያ ስለሌላቸው ሁሉንም በእኩል ያስተናግዳሉ። በበጋ ወንዙ ቀጥኖ ክር ሲያህል፣ ንጹሕ አየር ፍለጋ የወጣው ተጓዥ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል፤ አልፎም «ይህን ወንዝ እንዲህ ያደረገው ማን ነው?» እያለ ባዶ ላስቲኩን በእጁ እንደያዘ ይቆጣል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወራት ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይነሣል።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ያ ሁሉ ላስቲክ ቱቦና ድልድይ ሲደፍን፣ ውሃው ወደ ወርዋሪው ቤት አይሄድም። የሚገባው ከወንዙ አፋፍ ሥር በቆርቆሮ ቤት የምትኖር እናት መኝታ ላይ ነው፤ ሌሊት ልጆቿን አዝላ፣ ፍራሿን በራሷ ተሸክማ፣ በጨለማ ዳገት የምትወጣው እርሷ ናት። ከዚያም ዝቅ ብሎ አቃቂ ዳር ያለው ገበሬ በዚሁ ውሃ ጎመንና ቆስጣ ያጠጣል። ይህን ሁሉ እያወቀ «ውሃው ይወስደዋል» የሚል ሰው አላዋቂ አይደለም። ጨካኝ ነው።

ይቅርታ፤ ስለ ንጹሕ አየር እያወራን ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወደዚያው ሥፍራ ተመልሼ ከአጥሩ አጎንብሼ ወደ ታች ተመለከትሁ። ዝናቡ ካቆመ ስለሰነበተ ውሃው ጉልበት አጥቷል። ላስቲኳ ከወደቀችበት ብዙም ሳትርቅ፣ ክዳኗን እንደደፋች፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀምጣለች። ባለሙያችንም በሰዓቱ መጣ፤ ክንዱን አፍታታ፤ አጠገቤ ቆሞ ወደማይበት ተመለከተና አንዳችም ነገር ሳይደንቀው የዛሬውን ውሃ ጨርሶ ክዳኑን አጠበቀ። ብቻዋን እንዳይከፋት አስቦ ይመስለኛል፣ ጓደኛ ላከላት።