እትብቱ ያልተቆረጠ የባሕር ነዋሪ

ጀርመናዊው ኢንጂነር ሩዲገር ኮክ ፓናማ ባሕር ውስጥ፣ 11 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 120 ቀን ከርሞ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወጣ። ክብረ ወሰን ሰበረ። እሺ፣ ጎበዝ። ያናደደኝ ክብረ ወሰኑ አይደለም። ዓላማዬ ባሕር ለሰው ልጅ መስፋፊያ እንደሚሆን ማሳየት ነው ማለቱ ነው። ወሬውን ተቀብለው «ሰው ውኃ ውስጥ መኖር እንደሚችል ተረጋገጠ» የሚሉት ደግሞ ባሱ።

ምኑ ነው የተረጋገጠው?

እስቲ ቤቱን እንየው። 30 ካሬ ሜትር ክፍል ናት። አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት አላት። ሻወር የላትም (በውኃ ተከቦ ገላ መታጠቢያ ማጣት!)። ከክፍሏ የተነሳ ቱቦ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው፣ ከውኃው በላይ ካለ ሌላ ክፍል ጋር ይገናኛል። ምግብ በጀልባ ይመጣለታል። እንግዳም ሐኪምም እንደዚያው። መብራቱ ከውኃው በላይ ከተተከለ ሶላር ነው። አየሩም የእኛው አየር ነው።

ይሄ ሰው ባሕር ውስጥ ኖረ ከተባለ፣ ጽንስም ራሱን ችሎ ይኖራል ማለት ነው። እትብቱ እኮ አልተቆረጠም! ቱቦውን ዝጉበት፤ ጀልባዋን አስቀሩበት። ያኔ ስለ መስፋፋት እናወራለን። የሚበላውንም የሚተነፍሰውንም ከላይ የሚቀበል ሰው አልጋ የያዘ እንግዳ ነው። ኮክ የኖረው ጣሪያው ላይ ውኃ የተኛበት ምድር ቤት ውስጥ ነው።

«ጊዜ ስጡት፣ ቴክኖሎጂው ያድጋል» ይሉናል። ስንት ጊዜ? ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ኩስቶ በ1963 እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ 10 ሜትር ላይ ቤት ሠርቶ ሰዎችን ለአንድ ወር አኑሯል። በ1965 የእሱው ስድስት ሰዎች 100 ሜትር ላይ ሦስት ሳምንት ቆዩ። ከዚያስ? ኩስቶ ራሱ ሐሳቡን ተወው። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ሞክሮ፣ በ1969 አንድ ጠላቂ ሲሞትበት አቆመ። ከ60 ዓመት በኋላ እኛ 11 ሜትር ላይ ተቀምጠን እናጨበጭባለን!

ፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ ባለው አኳሪየስ ጣቢያ ለቀናት እየቆዩ ኮራል የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። እነሱ ይውረዱ፣ ይጠቅማል። ግን ሥራ ሄዱ እንጂ ቤት አልቀየሩም። ደግሞ እንደ ኮክ በደረጃ ዘው ብለው አይወጡም፤ ግፊቱ ሰውነታቸው ውስጥ ጋዝ ስለሚከት ለመውጣት ብቻ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ባሕር ውስጥ ማደር ማለት እሱ ነው። ኮክ ግን ክፍሉ ግፊት እንዳይገባት ተደርጋ ተሠርታለች። ፈተናውን ዘለለው ማለት ነው።

ለነገሩ ሰውዬው ራሱ 120 ቀኑ ሲሞላ ሻምፓኙን ጠጥቶ፣ ሲጋራውን አጭሶ፣ በጀልባ ወደ የብስ ሄደ። ድግሱ የተዘጋጀው እዚያ ነበር።