ዐይንና ጆሮስ መቼ ይጹሙ?
ባነበብሁት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የዜና ብዛት የጸሎት ጊዜያችንን እየበላብን ነው ማለታቸው ልቤን ነክቶታል። እኔም ሌሊት ስነቃ መጀመሪያ የምዳብሰው ስልኬን ነበር፤ ቴሌግራም ሳገላብጥ የኪዳን ጸሎት ደወል ያልፈኛል። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ሥጋና ወተቱን ተውሽ፤ ዐይንሽንና ጆሮሽንስ መቼ ልታስጾሚያቸው ነው?» አሉኝ። 55ቱን ቀን ስልኬን ማታ ማታ ወጥ ቤት፣ ሞሰቡ ላይ እያስቀመጥሁ ተኛሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር፤ እጄ ትራሱን ሲዳብስ ያነጋል። በኋላ ግን የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳልቸኩል ደግሜ ዝም ብዬ መቀመጥ ቻልሁ። ያ ዝምታ ምን ያህል ናፍቆኝ እንደኖረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፋሲካ አልፏል፤ ስልኬ ዛሬም የሚያድረው እዚያው ሞሰቡ ላይ ነው።